የልጄ የባዮሎጂ መጽሐፍ ከየት መጣ?



ባለፈው ሰመር ከሌሊት ሺፍት ስመለስ በራፌ ላይ አንድ ከባድ ካርቶን ጠበቀኝ። ዘጠነኛ ክፍል ለምትገባው ልጄ ያዘዝኩት የባዮሎጂ መጽሐፍ ነበር። ያገለገለ ቢሆንም ሙሉ ነው፤ የመልስ መጽሐፉ ሳይቀር አለው። ልጄን ቤት ውስጥ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ይህንን መጽሐፍ የመረጥኩት ብዙ አስቤ አይደለም። የጻፉት በፈጣሪ የሚያምኑ ሰዎች ናቸው ሲባል ሰማሁና «ቢያንስ ከሌላው ይልቅ ለእኛ ይቀርባል» ብዬ ገዛሁት።

ሻይ አፍልቼ አብረን ገለጥነው። ምዕራፉ የሚጀምረው በመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ነው። ጥቂት ገጾች አለፍ ስንል ምድር ከተፈጠረች ገና ስድስት ሺህ ዓመት ገደማ እንደሆናት ይናገራል። ልጄ ቀና ብላ «እማ፣ በእኛ ዲንም እንደዚህ ነው እንዴ?» አለችኝ። እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን አንድ የባዮሎጂ መጽሐፍ ለምን እንዲህ እንደሚል ላስረዳት አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ እረፍት ባገኘሁ ቁጥር የእነዚህን መጻሕፍት ታሪክ ሳነብ ከረምኩ። ዛሬ የማካፍልሽ እሱን ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ብዙዎቻችንን ግራ ከሚያጋባው ልነሳ። እኔና አንቺ አገር ቤት ስንማር ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ሦስቱንም በአንድ ዓመት ጎን ለጎን ነበር የምንማረው። አሜሪካ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ፣ አሥረኛ ኬሚስትሪ፣ አሥራ አንደኛ ፊዚክስ ነው። «ልጄ ዘንድሮ ኬሚስትሪ የሚባል ነገር አላየችም» ብላ የደነገጠች እናት ስንት ጊዜ ደውላልኛለች! ነገሩ ሥሩ ሩቅ ነው። በ1892 የአሜሪካ ብሔራዊ የትምህርት ማኅበር አሥር ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሰብሳቢው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤልየት ነበሩ። ያኔ እያንዳንዱ ሃይስኩል የመሰለውን ስለሚያስተምር ኮሌጆች ማን ምን ተምሮ እንደመጣ ማወቅ ተቸግረው ነበር። ከዚያ ሪፖርት በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት የትምህርቱ ቅደም ተከተል እየረጋ መጣ፤ ፊዚክስ ሒሳብ ስለሚፈልግ ወደ መጨረሻ ተገፋ። በ1990ዎቹ የኖቤል ተሸላሚው ሊዮን ሌደርማን «ተገልብጦ ፊዚክስ ይቅደም» ብለው ብዙ ተከራክረዋል። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ሰዎች የተስማሙበት ልማድ ነው። የልጅሽ ሒሳብ ጠንካራ ከሆነ ቤትሽ ውስጥ ልትቀይሪው ትችያለሽ።

ከዚያ ዘመን የመጣ ሌላ ነገር ግን አለ፤ እሱን እንዳትነኪው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ኤድዊን ሆል የሚባሉ የሃርቫርድ የፊዚክስ መምህር የ40 ሙከራዎች ዝርዝር አዘጋጁ። በዚያ መንገድ ለመግባት የሚያመለክት ተማሪ ሙከራዎቹን በገዛ እጁ ሠርቶ የመዘገበበትን ደብተር ይዞ መቅረብ ነበረበት። ዛሬም ኮሌጆች «ላብ ያለው ሳይንስ» ብለው ሲጠይቁ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። እኔ ይህንን የተማርኩት ዋጋ ከፍዬ ነው። ነርሲንግ ልገባ ስል ኬሚስትሪን ያለ ላብራቶሪ፣ በኮምፒውተር ብቻ ወስጄ ነበር፤ ያመለከትኩበት ኮሌጅ አልቀበልም አለኝና ሙሉ ሴሚስተር ደገምኩ። አገር ቤትም የተማርኩበት ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ነበረው፤ ቁልፉ ግን ማን ዘንድ እንደሆነ አንድም ቀን ሳናውቅ ተመረቅን። ልጄ ሁለታችንም ያጣነውን እንድታጣ አልፈልግም።

አሁን ወደ ካርቶኑ ልመለስ።

በ1925 የቴኔሲ ግዛት ሰው ከእንስሳ ዘር መጣ ብሎ በሕዝብ ትምህርት ቤት ማስተማርን የሚከለክል ሕግ አወጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ውስጥ ዴይተን በምትባል ትንሽ ከተማ ጆን ስኮፕስ የተባለ የ24 ዓመት መምህር በዚህ ሕግ ተከሶ ቀረበ። ከተማዋ በጋዜጠኛ ተጥለቀለቀች፤ ችሎቱም በራዲዮ ተላለፈ። ስኮፕስ ጥፋተኛ ተብሎ 100 ዶላር ተቀጣ። በኋላ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን መወሰን የነበረበት ዳኛው ሳይሆን የዳኞች ጉባኤው ነበር ብሎ ውሳኔውን ሻረው። ሕጉ ግን እስከ 1967 ድረስ ቆየ።

ይህ ችሎት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሳይንስ በአንድ ወገን፣ ሃይማኖት በሌላ ወገን ቆመው እንደተፋለሙበት ተደርጎ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማውቀው። ስኮፕስ ያስተማረበት መጽሐፍ ምን እንደሚል ሳነብ ግን እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። መጽሐፉ በ1914 የታተመው የጆርጅ ሃንተር «ሲቪክ ባዮሎጂ» ነው፤ ያኔ ቴኔሲ ራሷ ያጸደቀችው የመማሪያ መጽሐፍ ነበር። የሰውን ልጅ በአምስት ዘር ይከፍልና ነጮቹን ከሁሉም በላይ ያስቀምጣቸዋል። ከአምስቱ መጀመሪያ የሚጠራው የአፍሪካ ዘር ነው፤ የሰጠው ስም ደግሞ ምን መሰለሽ? «ኢትዮጵያዊ»። በዚያ ዘመን የፈረንጅ መጻሕፍት ጥቁርን ሁሉ በዚህ ስም መጥራት ልማዳቸው ነበር። መጽሐፉ በዚህም አያበቃም። የአእምሮ ሕመምና ድህነት በዘር የሚወርድባቸው ቤተሰቦች አሉ ብሎ እንደ ጥገኛ ተውሳክ ያያቸዋል፤ እንዳይወልዱ መከልከል ይገባል ይላል። ዩጄኒክስ የሚሉት ይህ ነው። እሱን ተከትሎ ስንቱ ሰው፣ በተለይ ስንት ሴት ሳትፈቅድ እንዳትወልድ ተደርጋለች። እኔ ነርስ ነኝ፤ ታካሚ ሳይፈቅድ መርፌ እንኳ እንደማይወጋ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የተማርነው። ያንን ግፍ የሠሩት ግን ሐኪሞች ናቸው።

ስለዚህ «ሳይንስ ብቻ ነው፣ ሃይማኖት የለበትም» የተባለ መጽሐፍ ስለተባለ ብቻ ንጹሕ አይሆንም። በዘመኑ የነበረው ትዕቢት አብሮ ይታተማል።

ከችሎቱ በኋላ አሳታሚዎች ፈሩ። ገበያ እንዳይቀርባቸው ዝግመተ ለውጥን ከመጻሕፍቱ አወጡት ወይም አለሳለሱት፤ የሃንተርም መጽሐፍ በ1926 ታርሞ ወጣ። ብዙ የአሜሪካ ልጆች ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ይህን ርዕስ እምብዛም ሳያዩ ተማሩ። ከዚያ በጥቅምት 1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን አመጠቀች። አሜሪካ ደነገጠች! በዓመቱ ኮንግረስ ለሳይንስ ትምህርት ትልቅ ገንዘብ የሚመድብ የብሔራዊ መከላከያ የትምህርት ሕግ አጸደቀ። ስሙን ልብ በይው፤ ትምህርቱ የመከላከያ ጉዳይ ሆኖ ነበር። ሳይንቲስቶች ራሳቸው የሃይስኩል መጻሕፍት ለመጻፍ ተቀመጡ። ፊዚክሱን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ዙሪያ የተሰባሰቡ ሰዎች ከስፑትኒክ በፊት፣ ከ1956 ጀምሮ ይዘውት ነበር። የባዮሎጂው ቡድን ደግሞ በ1963 ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቢጫ ሽፋን ያላቸውን ሦስት መጻሕፍት አወጣ፤ ሰማያዊው በሞለኪውል፣ አረንጓዴው በአካባቢና በፍጥረታት ግንኙነት፣ ቢጫው በሕዋስ ላይ ያተኩራል። በሦስቱም ዝግመተ ለውጥ የትምህርቱ ዋልታ ሆኖ ተመለሰ።

በዚያው ሰሞን፣ በ1962 እና በ1963፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመንግሥት ትምህርት ቤት የተዘጋጀ ጸሎትና የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ እንዲቀር ወሰነ። በ1968 ደግሞ ዝግመተ ለውጥን ማስተማር የሚከለክል ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይሄድም አለ። ብዙ ክርስቲያን ወላጆች ከትምህርት ቤቱ የተባረሩ መሰላቸው፤ ልጆቻቸውን እያወጡ የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ትምህርት ቤት መጽሐፍ ይፈልጋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍሎሪዳ ውስጥ አቤካ፣ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ የቦብ ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ተነሱ። ቀጥሎ ቤት ውስጥ የማስተማሩ እንቅስቃሴ መጣ፤ በ1993 በሃምሳውም ግዛት ሕጋዊ ሆነ። በ1990ዎቹ የኑክሌር ኬሚስትሪ ዶክተሩ ጄይ ዋይል አፖሎጂያ በተባለው ድርጅት በኩል በቀጥታ ለተማሪው የሚናገሩ መጻሕፍት ጻፉ፤ እናትየው ሳይንስ ባታውቅም ልጁ ብቻውን አንብቦ ሙከራውን በኩሽና ዕቃ እንዲሠራ። ለእናት እፎይታ እንደሆነ አልክድም።

እንግዲህ ዛሬ «የሆምስኩል ሳይንስ» ብለሽ ስትፈልጊ ቀድመው የሚመጡልሽ መጻሕፍት ከዚህ ጠብ የተወለዱ ናቸው። ጠቡ ደግሞ በአሜሪካ ክርስቲያኖችና በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች መካከል ነው። የስድስት ሺህ ዓመቱን ቁጥር ውሰጂ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአየርላንዱ ጳጳስ ጀምስ አሸር የመጽሐፍ ቅዱስን የትውልድ ሐረግ ደምረው ዓለም የተፈጠረችው በ4004 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው አሉ። የእኛ ቁርአን ለምድር እንዲህ ያለ ዕድሜ አላስቀመጠም። ታዲያ ልጄ ጂኦሎጂ ስትማር የአሸርን ስሌት የምትከላከለው ስለ ምንድን ነው? ነገ ኮሌጅ ገብታ ስሌቱ ሲፈርስባት ዲኗ የፈረሰ ይመስላታል። እኔን ያስፈራኝ ይህ ነው። የሰው መጽሐፍ «ፈጣሪ» ስላለ ብቻ የእኔ መስሎኝ የሌላ ሰው ክርክር ቤቴ ይዤ ገባሁ።

ያንን ስብስብ ሸጥኩት። አሁን የምንጠቀመው ኮሌጆች የሚያውቁት፣ ሃይማኖት የማያስተምር ተራ የሃይስኩል ባዮሎጂ ነው። ዝግመተ ለውጥንም ትማራለች። ዋርድ ላይ አንቲባዮቲክ የማይበግረው ባክቴሪያ የያዘው ታካሚ ክፍል ስገባ ጋውንና ጓንት የማጠልቀው ለምን እንደሆነ ያለዚያ ላስረዳት አልችልም፤ የነርሲንግ ማይክሮባዮሎጂም ይጠይቃታል። የአደም (ዐ.ሰ) አፈጣጠር ጋ ስንደርስ መጽሐፉን እንዘጋለን። ዐቂዳዋን የምትማረው ከዑለማዎቻችን ነው፤ የማላውቀውን ስትጠይቀኝም «ኡስታዙን እንጠይቅ» እላታለሁ።

ገልፍ ላለሽ እህቴ መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ ብዙዎቹ ልጆች በግል ተመዝግበው የካምብሪጅ አይ ጂ ሲ ኤስ ኢ ፈተና ይቀመጣሉ፤ ላብራቶሪ ለሌለው ሙከራውን በወረቀት የሚተካ ፈተናም አለው። ፈተናው ያልፋል፤ የእጅ ልምዱን ግን አይሰጥሽም። ጀርመን ያለሽ ደግሞ ልጅሽን ቤት ማስቀረት ሕጉ ስለማይፈቅድልሽ ያለሽ ከትምህርት ቤት መልስ የምታገኙት ሰዓት ነው። እሱም ቀላል አይደለም፤ እስኪ የምለውን ስሚ።

ባለፈው ሳምንት ልብ ላይ ደርሰን ነበር። ከሐላል ሥጋ ቤቱ ሁለት የበግ ልብ ገዛሁ፤ ልጁ «ለምን ወጥ ነው?» አለኝ፣ «ለባዮሎጂ» ስለው ሳቀ። ከመክፈታችን በፊት አንድ ታሪክ ነገርኳት። የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ጋለን ደም ከቀኙ የልብ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በመሐል ግድግዳው ላይ ባሉ የማይታዩ ቀዳዳዎች ነው ይል ነበር። ሰው ሁሉ ከሺህ ዓመት በላይ ተቀበለው። በ1242 ኢብን አል-ነፊስ የኢብን ሲና «ቃኑን» ላይ ስላለው የአካል ጥናት ማብራሪያ ሲጽፉ፣ ግድግዳው ድፍን ነው፣ ደሙ ወደ ሳንባ ሄዶ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ነው ወደ ግራ የሚመለሰው አሉ። ጽሑፉ ተረስቶ ቆየና በ1924 ሙሕዪዲን አል-ተጣዊ የተባለ ግብጻዊ ሐኪም በርሊን ውስጥ አገኘው። ልጄ «ታዲያ መጽሐፌ ላይ ለምን የለም?» አለች። የእሷ መጽሐፍ የሚጀምረው በ1628 ከእንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ ነው። ሁሉን እኛ ነን ያገኘነው ብላ እንድትፎክር አልፈልግም፤ የደም ዝውውሩን በሙሉ በልኬት ያሳዩት ሃርቪ ናቸው። የኢብን አል-ነፊስን ስም ግን ከእኔ ካልሰማች ከማን ትሰማለች?

የምሳ ዕቃውን አንስተን ጋዜጣ አነጠፍን። ጓንት አጠለቀች። ልቡን ለሁለት ከፈልኩላት፤ ቀኙ ግድግዳ ስስ፣ ግራው ወፍራም መሆኑን ራሷ አየች። ከዚያ የመሐል ግድግዳውን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ይዛ ከላይ እስከ ታች እየጫነች ዳሰሰችው። ወደ መብራቱ አነሳችና አየች። ውሃ አፈሰሰችበት። ከወዲያ በኩል ምንም አልወጣም። ደብተሯ ላይ ቀኑን ጻፈች፣ ሥዕሉን ሣለች፤ ከሥሩ «ቀዳዳ አላገኘሁም» ብላ ጻፈች። ሁለተኛውን ልብ ለትንሽ ወንድሟ አስቀምጠነዋል፤ ከመድረሳ ሲመለስ እሷ ልታሳየው ነው።