ትንፋሽ ያጠረው ባቡር

ኦክቶበር 8 ቀን 1952 እ.ኤ.አ. ማለዳ፣ ለንደን አቅራቢያ በሃሮው እና ዊልድስቶን ጣቢያ ሦስት ባቡሮች ተጋጩ። 112 ሰዎች ሞቱ። በአደጋው ከጥቅም ውጭ ከሆኑት ሎኮሞቲቮች አንዷ «ፕሪንሰስ አን» ነበረች፤ እንደ አዲስ ተሠርታ ሥራ ከጀመረች ገና ወራት ነበር። በእርሷ ምትክ በ1954 ከክሩ ፋብሪካ የወጣው ሎኮሞቲቭ «ዱክ ኦፍ ግሎስተር» ተባለ። ቁጥሩ 71000 ነው። ከዓይነቱ ሌላ አልተሠራም።

ይሁንና ሰው አልወደደውም። ድንጋይ ከሰል ያለልክ ይበላል፤ ዳገት ላይ እንፋሎት ሲፈለግበት ግን ይለግማል እየተባለ ስሙ ጠፋ። ስምንት ዓመት ብቻ ሠርቶ በ1962 ጡረታ ወጣ። አንዱ ሲሊንደር ተነቅሎ ወደ ለንደኑ የሳይንስ ሙዚየም ሄደ፤ በሌላው ጎን ያለውም ወለቀ። የተረፈው አካል በደቡብ ዌልስ የወደብ ከተማ ባሪ፣ ዴይ ዉድሃም የተባለ ነጋዴ የቁርጥራጭ ብረት ግቢ ውስጥ ተጣለ።

ዉድሃም የገዛቸው ሎኮሞቲቮች 297 ነበሩ። ሠራተኞቹ ግን ለመቆራረጥ የሚቀሉትን ፉርጎዎች ስለሚያስቀድሙ፣ ሎኮሞቲቮቹ ለዓመታት በባሕር ነፋስ እየዛጉ ተራቸውን ጠበቁ። ያ መዘግየት ነው ያተረፋቸው። 213ቱን የባቡር ወዳጆች ከኪሳቸው እያዋጡ ገዝተው አወጧቸው። ዱክም በ1974 ተገዛ።

የገዙት በጎ ፈቃደኞች የተረከቡት ግማሽ ባቡር ነው። ሁለቱ የጎን ሲሊንደሮች የሉም። እንፋሎቱን ወደ ሲሊንደር የሚያስገባውና የሚያስወጣው ካፕሮቲ የተባለው ረቂቅ የቫልቭ ሥርዓትም የለም። ይህን ሁሉ እንደ አዲስ ማስቀረጽና ማሠራት ነበረባቸው።

የእንፋሎት ባቡር ነፍሱ ግን ቦይለሩ ነው። እዚህ ቦይለር ውስጥ በእያንዳንዱ ካሬ ኢንች ላይ 250 ፓውንድ ግፊት ያርፋል። የእሳቱን ክፍል ከውጭኛው ግድግዳ ጋር አያይዘው የሚይዙት በመቶዎች የሚቆጠሩ አጫጭር የብረት ዘንጎች ናቸው። ጠጋኝ አንድ በአንድ በትንሽ መዶሻ እየመታ ያዳምጣቸዋል። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰበረው ድምፁ ይታፈናል። ገበያ ላይ እንስራ ስንገዛ በጣታችን አንኳኩተን ስንጥቅ እንዳለው እንደምንለየው ማለት ነው። የተበሉት ቱቦዎች ይወጣሉ፤ የውሃው ዝቃጭ ይፈነቀላል። ከዚያ ቦይለሩ በቀዝቃዛ ውሃ ተሞልቶ ከሥራው ግፊት በላይ ይፈተናል። በእንፋሎት የማይጀመረው ግድግዳው ቢከዳ ውሃ ይንጠባጠባል እንጂ ሰው አይገድልምና ነው።

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን በጎ ፈቃደኞቹ በዚህ ሁሉ ልፋት መካከል ያገኙት ግኝት ነው። ከእሳቱ ሥር፣ አመዱ ከሚጠራቀምበት ሳጥን ላይ ያሉትን የአየር ማስገቢያ በሮች ከንድፉ ጋር ሲያስተያዩ፣ በሮቹ ጠበው ተሠርተው አገኟቸው። የጭስ ማውጫውም ለእንዲህ ያለ ትልቅ ባቡር ጠባብ ነበር። እሳቱ ከታች አየር አጥቷል፤ ከላይም የሚስበው ኃይል አንሶታል። እንጀራ የጋገረች እናት ይህን ለማወቅ መሐንዲስ አያሻትም። የምድጃው አፍ ከተዘጋ እንጨቱ ይጨሳል እንጂ አይነድም፤ ምጣዱም አይግልም። የዱክ እሳት አንዳጆች ከሰል በአካፋ በጨመሩ ቁጥር ያው ጭሱን ነበር የሚያበዙት። በዚያ ሙቀት ወገባቸው እስኪቆረጥ የለፉትን ሰዎች ሳስብ አዝናለሁ። ጥፋቱ የእነርሱም የቦይለሩም አልነበረም።

በጎ ፈቃደኞቹ በሮቹን እንደ ንድፉ አስፍተው ሠሩ፤ የጭስ ማውጫውን አሠራርም ኋላ ላይ ለወጡት። በ1986 ዱክ እንደገና በራሱ እንፋሎት ተንቀሳቀሰ። በ1990ዎቹ በሰሜን እንግሊዝ፣ ባቡር ነጂዎች በሚፈሩት የሻፕ አቀበት ከባድ ባቡር ጎትቶ ሲወጣ፣ እንፋሎት አይሰጥም ተብሎ የተጣለው ያው ቦይለር እስከ ዳገቱ አናት አልደከመም።