ዘንዶው ንጉሥ ነበረ ወይስ አምላክ?

ከክርስትና በፊት የኢትዮጵያ ሰዎች ምን ያመልኩ ነበር ተብሎ ሲጠየቅ ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማው መልስ አንድ ነው፤ ይኸውም እኩሌታው ሕዝብ በሕገ ኦሪት ሲኖር እኩሌታው ዘንዶ ያመልክ ነበር የሚለው ነው። ይህ ቃል ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው እየተቀዳ እንደ ተረጋገጠ ነገር ሲነገር ኖሯል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው የቃሉን ሁለተኛ ክፍል ብቻ ነው። የኦሪቱ ነገር ሰፊ ስለ ሆነ ለብቻው ቢጻፍ ይሻላል። ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ተረቱ በብዙ ዓይነት ይነገራል፤ ዋናው ነገር ግን የታወቀ ነው። በጥንት ጊዜ አርዌ የሚባል ታላቅ ዘንዶ በምድሪቱ ላይ ነገሠ። ሕዝቡም በየጊዜው የበኵር ሴት ልጁን፣ ከብቱንና ወተቱን ይገብርለት ነበር። በኋላም አንጋቦ የተባለ ሰው መጥቶ፣ ዘንዶውን ብገድልላችሁ ታነግሡኛላችሁ ወይ ብሎ ከሕዝቡ ቃል ተቀበለ። መርዝ ቀምሞ ለፍየል አበላና ፍየሊቱን ለዘንዶው ሰጠው፤ ዘንዶውም ውጦ ሞተ፤ አንጋቦም ነገሠ። ንግሥተ ሳባ ማክዳ የዚህ ሰው ልጅ ናት ይባላል። በአዲስ አበባ ሠዓሊዎች እጅ በጨርቅ ላይ በተርታ የሚሣለው የንግሥተ ሳባ ታሪክም የሚጀምረው ከዚሁ ከዘንዶው ነው። በሌላው አነጋገር ደግሞ ገዳዩ አንጋቦ አይደለም፤ ለዘንዶው ተሰጥታ በዛፍ ላይ የታሰረችውን ልጅ ከዛፉ ሥር ያረፉ ሰባት ቅዱሳን አግኝተዋት ዘንዶውን በመስቀል ይገድሉታል፤ ደሙም ተረከዟ ላይ ይንጠባጠብና እግሯ እንደ አህያ ሰኰና ይሆናል። ይህንን ሁለተኛውን የጀርመኑ ሊቅ ኤኖ ሊትማን በ1904 ዓ.ም. አሳትሞታል።

የሚያስገርመው ነገር ሁለተኛውን ማስረጃ፣ ማለት የድንጋዩን፣ ሰብስቦ ያቀረበልንም ይኸው ሰው መሆኑ ነው። ሊትማን በ1906 ዓ.ም. የጀርመንን የአክሱም ጉዞ መርቶ፣ በከተማውና በአካባቢው ያሉትን ጽሕፈቶች አጥንቶ በ1913 ዓ.ም. በበርሊን አሳተመ። ከነዚህም አንዱ፣ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 ዓ.ም. አይቶት የነበረው፣ ንጉሥ ዒዛና ወንድሞቹን ሳይዛናንና ሐደፋን በቤጃ ላይ ስለ ማዝመቱ የሚናገረው ድንጋይ ነው። ነገሩ በግሪክ፣ በግእዝና በሳባ ፊደል በተጻፈ ግእዝ ተቀርጿል፤ ሌላ ቅጂውም በ1981 ዓ.ም. እዚያው አክሱም ተገኝቷል። በዚህ ጽሕፈት ንጉሡ ራሱን የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ ብሎ ይጠራል። በግሪኩ ክፍል ማሕረም የሚለው ስም በአሬስ ተተክቷል፤ አሬስ የግሪኮች የጦርነት አምላክ ነው። ንጉሡ ድል ስለ ሰጠው ለዚህ አምላክ አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የናስ ምስል አቁሟል። ምስሎቹ ጠፍተዋል፤ ነገር ግን የጀርመኑ ጉዞ በአክሱም አንድ ታላቅ ሐውልት ቆሞበት የነበረ ድንጋይ አግኝቶ፣ የእግሩ ማረፊያ 92 ሳንቲ ሜትር ያህል መሆኑን መዝግቧል። እንዲህ ያለ እግር የነበረው ምስል ቁመቱ ምን ያህል እንደ ነበረ አንባቢ ራሱ ያስበው።

በሌላው የዒዛና ድንጋይ፣ የነጋዴ ቅፍለት ያጠፉትን የአፋን ሰዎች ስለ መቅጣቱ በሚናገረው ላይ፣ ንጉሡ ለማሕረም 100 በሬና 50 ምርኮኛ እንዳቀረበ ይነበባል። ዙፋንም አቁሞ በዐስተር፣ በብሔርና በምድር ጥበቃ ሥር አኑሮታል። ቀደም ብሎም ስሙ ያልታወቀ አንድ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ ባቆመው የድንጋይ ዙፋን ላይ ለዜውስ፣ ለአሬስና ለፖሲዶን መሠዋቱን በግሪክ አጽፏል፤ ይህን ጽሕፈት በ520 ዓ.ም. ገደማ መነኩሴው ኮስማስ ቀድቶ በመጽሐፉ ባያቆይልን ኖሮ ዙፋኑ ጠፍቷልና ምንም ባላወቅን ነበር። ከዚህም በፊት በሺሕ ዓመት ገደማ የሃ ላይ ታላቁ ቤተ ጣዖት የቆመው ለአልመቃህ ነው፤ አልመቃህ በቀይ ባሕር ማዶ በሳባ አገር የሚመለክ አምላክ ነበረ። በውቅሮ አጠገብ መቃብር ጋዕዋ በተባለው ስፍራም ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የአልመቃህ መቅደስ ከነመሠዊያው ተገኝቷል። በአክሱም ነገሥታት ገንዘብ ላይ የተቀረጸው ምልክትም በመጀመሪያ ክብ ፀሐይና ግማሽ ጨረቃ ነበረ፤ በዒዛና ዘመን መስቀል ተተካበት።

እንግዲህ ማሕረም አለ፤ ዐስተር አለ፤ ብሔርና ምድር አሉ፤ አልመቃህ አለ። ዘንዶ ግን የለም። በነዚህ ጽሕፈቶች ዘንዶ ሲሠዋለት፣ ዙፋን ሲቆምለት፣ ወይም በስሙ ሲረገም አይገኝም። በአንጻሩ ደግሞ በአርዌ ተረት ውስጥ ማሕረም የሚል ስም ፈልጎ የሚያገኝ የለም። ሁለቱ ማስረጃዎች አንድ አገር፣ እንዲያውም አንድ ከተማ ይዘው ፈጽሞ አይተዋወቁም።

ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ነው ብሎ መጣል ቀላል ነው፤ ነገር ግን ተረቱ ምን እንደሚል በቅርብ ማየት ይሻላል። ዘንዶን በጉልበት ሳይሆን በሚበላው ነገር አታልሎ መግደል በሌላም አገር አለ። በጃፓን በ712 ዓ.ም. በተጻፈው ኮጂኪ በተባለው መጽሐፍ፣ ስምንት ራስ ያለው ዘንዶ በየዓመቱ እየመጣ የአንድ ቤተ ሰብ ሴቶች ልጆችን ይበላል፤ ስምንተኛዪቱ ልጅ ስትቀር ሱሳኖኦ የተባለው አምላክ ብርቱ መጠጥ አቅርቦ ያሰክረውና ይገድለዋል። በፖላንድ ደግሞ በ1200 ዓ.ም. ገደማ ካድሉቤክ የተባለው ጳጳስ በጻፈው ዜና መዋዕል፣ ከክራኮቭ ኮረብታ ሥር ለሚኖረው ዘንዶ ሕዝቡ ከብት ይገብር ነበር፤ የንጉሡ ልጆችም በከብቱ ፈንታ ድኝ የተሞላ ቆዳ አበሉትና ሞተ። ይህ ከአንጋቦ ፍየል ጋር እጅግ ይቀራረባል። ክራኮቭና አክሱም ግን ተረት ሊዋዋሱ የሚችሉ ጎረቤቶች አይደሉም። እንዲህ ያለው ነገር አንዱ ከሌላው ሳይቀዳ ሊፈጠር እንደሚችል፣ ወይም ሁለቱም ከአንድ ሩቅ ምንጭ ሊጠጡ እንደሚችሉ ማሰብ ይገባል።

ለአክሱም ምንጩ በጣም ሩቅ አይመስለኝም። በዳንኤል መጽሐፍ ተጨማሪ ክፍል የባቢሎን ሰዎች አንድ ዘንዶ ሲያመልኩ፣ ዳንኤል ግን ዝፍት፣ ስብና ጠጕር አብስሎ አብልቶት ሆዱ ተሰንጥቆ እንደ ሞተ ይነገራል። ይህ መጽሐፍ በቤተ ክርስቲያናችን የታወቀ ነው። ልጂቱን ከዘንዶ የሚያድነው የቅዱስ ጊዮርጊስ ተአምርም በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተሥሏል። ስለዚህ የአርዌን ተረት ሲናገሩ የኖሩት ክርስቲያኖች እነዚህን ሁለት ታሪኮች በዓይናቸውና በጆሯቸው ይዘው ነበር የሚናገሩት። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል፤ ዘንዶው አምላክ የሆነበት ታሪክ የባቢሎኑ ነው። የአክሱሙ ዘንዶ ግብር ይቀበላል እንጂ ጸሎት ሲቀበል አይታይም፤ ካህን የለውም፤ ቤተ ጣዖትም የለውም።

ታዲያ የአክሱሙ ተረት የራሱ የሆነው ምንድን ነው? ዘንዶው ንጉሥ መሆኑ ነው። በግሪክ አገር ካድሞስ ቴብስን ሲቆረቁር የገደለው የአሬስ ዘንዶ የምንጭ ጠባቂ ነበረ፤ አፖሎ በዴልፊ የገደለው ዘንዶም የስፍራው ጠባቂ ነበረ። አርዌ ግን በነገሥታት ዝርዝር ውስጥ በመጀመሪያ ተጽፎ 400 ዓመት ነገሠ ተብሎ ዘመን ተቈጥሮለታል። ለጣዖት የንግሥ ዘመን አይቈጠርም። ገዳዩም የሚጠይቀው ዋጋ መንግሥቱን ነው። ስለዚህ ተረቱ የሚመልሰው ጥያቄ፣ አባቶቻችን ምን ያመልኩ ነበር የሚለው ሳይሆን፣ መንግሥት ከማን ተወስዶ ለማን ተሰጠ የሚለው ይመስለኛል። ከሰው መንግሥት በፊት የነበረው አገዛዝ የአውሬ አገዛዝ ነበረ ለማለት ነው፤ አርዌ የሚለው የግእዝ ቃልም ራሱ አውሬ ማለት ነው፤ እባብ የሚሆነው አርዌ ምድር ሲባል ነው። አንዳንድ ሰው ይህንን «ምድር» ከዒዛና ድንጋይ ላይ ካለው ምድር ጋር ሊያገናኘው ይቃጣው ይሆናል፤ ነገር ግን በደረቱ በምድር የሚሳብ አውሬ ማለት ስለ ሆነ ያን ያህል መራቅ አያስፈልግም።

ንጉሡ እንዴት አምላክ ሆነ ለሚለው ደግሞ ቋንቋችን ራሱ መንገድ ይጠርጋል። በግእዝ መለከ ማለት ገዛ፣ ባለቤት ሆነ ማለት ነው፤ አምለከና አምላክም ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው። በአማርኛም ለንጉሥ ተገዛ፣ ለእግዚአብሔር ተገዛ ስንል ግሡ አንድ ነው። አንድ ሽማግሌ አባቶቻችን ለዘንዶ ይገዙ ነበር ብሎ ቢናገር፣ የዳንኤልን ታሪክ የሚያውቅ ጸሐፊ ያመልኩ ነበር ብሎ ለመጻፍ ብዙ አይርቅም። ይህ የኔ ግምት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። እንደ ኮንቲ ሮሲኒ ያሉ ሊቃውንት በጥንት ኢትዮጵያ የእባብ አምልኮ እንደ ነበረ ጽፈዋል፤ ድንጋይ የሚያስጽፈው ንጉሥ ነውና የገበሬው እምነት በድንጋይ ላይ ባይገኝ አይደንቅም ሊባልም ይቻላል። ይህ ቃል ክብደት አለው። የባላገር አምልኮ ቤተ መንግሥት ሳያውቀው ሊኖር እንደሚችል ማንም አይክድም። ነገር ግን እኩሌታው ሕዝብ ዘንዶ ያመልክ ነበር የሚለው ቃል ስለ አንድ ሸለቆ እምነት አይደለም፤ ስለ አገር ሃይማኖት የተነገረ ነው። ለአገር ሃይማኖት ደግሞ ምስክሮቹ ዒዛና፣ አዱሊስና የሃ ናቸው።

የማሕረም ስም ከድንጋዩ በቀር የትም አልተረፈም። ዒዛና በኖባ ዘመቻው ጽሕፈት የሰማይን ጌታ ሲያመሰግን፣ በ1969 ዓ.ም. በተገኘው የግሪክ ድንጋይም ሥላሴን ሲጠራ፣ የጦርነቱ አምላክ ልጅ መሆኑ ቀርቷል። ብሔርና ምድር ግን ከአፋችን አልጠፉም። እግዚአብሔር ማለት የብሔር ጌታ ማለት ነውና፣ በአንዱ ድንጋይ የዙፋን ጠባቂ የነበረው ስም በኋላ የሚገዛለት ጌታ ተበጅቶለታል። ብሔር አገር ማለትም ስለ ሆነ ስሙ የግድ ከጣዖቱ መጣ አልልም።

ዘንዶውም ቢሆን በትግራይ ሁልጊዜ ጠላት አልሆነም። ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ አቡነ አረጋዊ ወደ ደብረ ዳሞ አምባ ሊወጡ መንገድ ባጡ ጊዜ፣ ዘንዶ ጅራቱን ዘርግቶ ወደ ላይ አወጣቸው ይባላል፤ ሥዕሉም በብዙ ቤተ ክርስቲያን አለ። ወደዚያ ገዳም የሚወጣ ሰው አሁን የሚይዘው የጠፍር ገመድ ነው፤ ባላገሩም ገመዱ የዘንዶው ጅራት ምትክ ነው ይላል።