ፀሐይ በቀትር፣ ድስት በማታ

በደቡብ አፍሪካ በፀሐይ ማብሰል ከኤሌክትሪክ ይቀድማል። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆን ኸርሸል የደቡቡን ሰማይ ከዋክብት ሊመዘግብ እ.ኤ.አ. በ1834 ኬፕ ታውን ገባ፤ እስከ 1838ም ቆየ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሌሊት ከዋክብትን ሲመለከት አድሮ፣ ቀን የፀሐይን ኃይል ይለካ ነበር። ውስጡ ጠቁሮ በመስተዋት የተከደነ የእንጨት ሣጥን አሠርቶ፣ ዙሪያውን በአሸዋ ደግፎ ፀሐይ ላይ አኖረው። ሙቀቱ ውኃ ከሚፈላበት መጠን አለፈ፤ እንቁላልና ሥጋም በሰለበት። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ የጄኔቫው ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶሱር በ1767 ተመሳሳይ ሣጥን ሠርቶ ነበር። የዛሬዎቹም የፀሐይ ሣጥኖች የሚሠሩት በዚያው መንገድ ነው፦ ብርሃን በመስተዋቱ ያልፋል፣ ጥቁሩ ውስጥ ወደ ሙቀት ይቀይረዋል፣ ክዳኑ ሙቀቱን ያግታል።

ጆሐንስበርግ የተቆረቆረችው ከዚህ ግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1886፣ በወርቅ ምክንያት ነው። ፀሐይ አልጎደላትም። ክረምቷ ደረቅና ጥርት ያለ ነው፤ ዝናቧ የሚመጣው በበጋ፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሆኖም በዚያ ጥርት ባለ ክረምት ሶዌቶ ማለዳና ማታ በድንጋይ ከሰል ጭስ ትታፈን ነበር። በሶዌቶ መሐል የቆመው የኦርላንዶ ኃይል ማመንጫ ለአሥርት ዓመታት ለጆሐንስበርግ መብራት ሲሰጥ፣ በጥላው ሥር ያሉ ብዙ ቤቶች በሻማና በኩራዝ ያመሹ ነበር። የአፓርታይድ ሥርዓት መብራቱን የሚያከፋፍለው በቀለም ነበር።

ታዲያ ፀሐይ እያለ ስለምን ከሰል? መልሱ ያለው በሠራተኛው ቀን ውስጥ ነው። የሶዌቶ ሰው ጎሕ ሳይቀድ በባቡር ወደ ከተማ ይወጣል፤ ሲመለስ ፀሐይ ጠልቃለች። ፀሐይ ድስት ማብሰል በምትችልበት ሰዓት ድስቱን የሚጥድ ሰው ቤት የለም። የከሰሉ ምድጃ ደግሞ ገንፎውን ብቻ አያበስልም፤ ቤቱን ያሞቃል፣ የገላ ውኃ ያፈላል፣ ቤተሰቡን ዙሪያው ይሰበስባል። መብራት ከገባም በኋላ ብዙ ቤት ከሰሉን ያልተወው ለዚህ ነው።

ከአፓርታይድ መውደቅ በኋላ ጉዳዩ በሙከራ ተፈተነ። የደቡብ አፍሪካ መንግሥትና የጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂቲዜድ በ1996 በሁሁዲ፣ በፕኒየልና በኦንሴፕካንስ ለ66 ቤተሰቦች ልዩ ልዩ የፀሐይ ማብሰያዎችን ሰጥተው ለአንድ ዓመት ያህል ተከታተሉ። ከተፈተኑት አንዱ ሰንስቶቭ የተባለው፣ እዚያው አገር የተሠራ ርካሽ ሣጥን ነበር። ቤተሰቦቹ ከቀናቱ 38 በመቶ ያህል በፀሐይ አበሰሉ። ቁጥሩ በሁለት ወገን ይነበባል። እንጨትና ፓራፊን የሚገዛ ቤት ከሦስት ቀን አንዱን ያለ ነዳጅ ካበሰለ ትርፉ ቀላል አይደለም። ግን የፀሐይ ሣጥን ሌላውን ምድጃ ከቤት አላስወጣም፤ ጎን ለጎን ተቀመጠ እንጂ።

በ2008 አገሪቱ የመብራት ፈረቃ ውስጥ ስትገባ፣ በ2023ም ፈረቃው ሲብስ፣ ያ ጎን ለጎን መኖር ትርጉም አገኘ። ግቢ ያለው ሰው ጠዋት ባቄላና ክክ በቆሎውን ሣጥን ውስጥ ከትቶ መሄድ ይችላል፤ ሣጥኑ በቀስታ ያበስላል፣ አያሳርርም። በሂልብሮው ፎቅ ላይ ለሚኖር ግን ፀሐይም እንደ መሬት የሌላ ሰው ናት።

በጄፒ ጎዳና ለሚነግደው ኢትዮጵያዊም ጥያቄው ከዚህ አይርቅም። ምስር ወጥ በሣጥኑ ይበስላል፤ እንጀራ ግን አይሆንለትም፤ ምጣድ 200 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። በአገር ቤት የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የፀሐይን ሙቀት በመስተዋት ሰብስቦ፣ በጨው ውስጥ አከማችቶ ምጣድ ማሞቅን ሞክረዋል። የሙከራው ቁም ነገር ትኩሳቱ ብቻ አይደለም፤ ማከማቸቱም ነው። ኸርሸል ድስት በፀሐይ እንደሚፈላ ካሳየ ሁለት ምዕተ ዓመት ሊሞላ ነው። ያልተፈታው የቀትሩን ሙቀት ማታ ከሥራ ለሚመለስ ሰው ማቆየት ነው።