ጭማሪ አልባ ጡረታ

እንግሊዝ አገር 35 ዓመት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው አዲስ አበባ ገብቶ ቢኖር ጡረታው ይከተለዋል። ክፍያው አይቋረጥም። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ የሚደረገው ጭማሪ ግን አይደርሰውም፤ ሲወጣ የነበረው መጠን ባለህበት እርገጥ ይሆናል። እንግሊዞች «ፍሮዝን ፔንሽን» ይሉታል። «የታገደ ጡረታ» ቢባል ገንዘቡ የማይከፈል ያስመስላል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ «ጭማሪ አልባ ጡረታ» ብለነዋል።

ልዩነቱን የሚያመጣው ዜግነትም፣ የተከፈለው መዋጮም አይደለም፤ የመኖሪያ አገር ነው። ጭማሪው የሚሰጠው በብሪታንያ፣ በአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጣናና በስዊዘርላንድ ለሚኖሩ፣ እንዲሁም ጭማሪን የሚያካትት ስምምነት ባላቸው እንደ አሜሪካ፣ ጃማይካ፣ ፊሊፒንስና እስራኤል ባሉ አገሮች ለሚኖሩ ነው። ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ደቡብ አፍሪካና ኢትዮጵያ የሉበትም። እኩል ሠርተው እኩል ካዋጡ ሁለት ጓደኛሞች አንዱ ከናያጋራ ፏፏቴ በአሜሪካ በኩል፣ ሌላው በካናዳ በኩል ቢሰፍር ለመጀመሪያው በየዓመቱ ይጨመርለታል፤ ሁለተኛው ማዶ ሆኖ ያያል። (ይኸው ሰው ዘመድ ጥየቃ ለንደን ብቅ ቢል፣ ለቆየበት ጊዜ ብቻ በአዲሱ ልክ ይከፈለዋል። ሲመለስ ወደ ድሮው!)

ይህ አድልዎ አይደለም ወይ ብለው ስትራስቡርግ እስካለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት የሄዱት አኔት ካርሰን ናቸው። አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን ብሪታንያ አሳልፈው ደቡብ አፍሪካ ገቡ፤ እዚያም ሆነው በፈቃዳቸው መዋጮ ከፍለዋል። ጡረታቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲጀመር መሠረታዊው ክፍያ በሳምንት 67.50 ፓውንድ ነበር። ዓመታት በወሰደው ክርክር መጨረሻ ላይም ያው 67.50 ነበር። ብሪታንያ ውስጥ ሙሉው መሠረታዊ ጡረታ በ2025 ሚያዝያ 176.45 ፓውንድ ገብቷል።

የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ስምምነት አንቀጽ 14 በዘር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት ወይም «በሌላ ሁኔታ» መለየትን ይከለክላል። የስትራስቡርጉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 መኖሪያ ቦታ ከዚህ «ሌላ ሁኔታ» እንደሚቆጠር ተቀበለ። በር ከፈተ ማለት ነው፤ ወዲያው ግን ዘጋው። አድልዎ የሚባለው በተመሳሳይ ሁኔታ ያሉ ሰዎች ሲለያዩ ነው፤ ውጭ ያለው ጡረተኛ አገር ውስጥ ካለው ጋር አይመሳሰልም፤ ጡረታው የተሰላው ለብሪታንያ ኑሮ ነው፤ መዋጮውም በግል ስም የተቀመጠ ቁጠባ አይደለም አለ። ከስምምነት አገሮች ነዋሪዎች ጋር መነጻጸርንም አልተቀበለም፤ መንግሥታት ከፈለጉት አገር ጋር መዋዋል ይችላሉ በሚል። ድምፁ 11 ለ6 ነበር።

የኑሮው ክርክር ለብቻው ሲታይ ያስኬዳል። አሜሪካና ጃማይካ ያለው እየተጨመረለት ካናዳ ያለው ለምን እንደቀረ ግን አያስረዳም፤ የኪንግስተን ኑሮ ከቶሮንቶ ይልቅ ለንደንን አይመስልም። የሚቀረው ስምምነቱ ብቻ ነው፤ ጡረተኛው ደግሞ የስምምነቱ ተዋዋይ አይደለም። በእኔ ግምት የስድስቱ ዳኞች ተቃውሞ ይበልጥ ያሳምናል።

ፍርዱ ስላልተለወጠ፣ ከለንደን ጓዙን ጠቅልሎ ሊመለስ ያሰበ ሰው ስሌቱን ሲሠራ የዛሬውን ክፍያ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላም የሚያገኘው ክፍያ አድርጎ ይቁጠረው። እንደገና ብሪታንያ ገብቶ ቢኖር ክፍያው ወደ ወቅቱ መጠን ከፍ ይላል።