ከፎኖግራፍ ቱቦ እስከ ኤርፎን፦ ቃልን የማዳመጥ ታሪክና የማዳመጫ አመራረጥ

(በሐዋሳ መሃል ከተማ ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



የዛሬው ርእስ ለታሪክ መምህር እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገሩ የተነሣው ከመማሪያ ክፍል ነው። ተማሪዎች የቀረጹትን ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ የሚገለብጡበት ሳምንት ሲደርስ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይቀርብልኛል። «ዶክተር፣ የትኛውን ኤርፎን ብንገዛ ይሻላል?» ይሉኛል። ወደ ስልክ መለዋወጫ ሱቆች ጎራ ብሎ መጠየቅም ይቻላል፤ እዚህ መሃል ከተማ ውስጥ ሱቁ ብዙ ነው። ባለ ሽቦው በላስቲክ ታሽጎ ተሰቅሏል፣ ብሉቱዙ በሳጥን ተደርድሯል፣ የታወቁ ኩባንያዎች ስም የታተመበት ሁሉ ደግሞ የእነዚያ ኩባንያዎች ሥራ ነው ማለት አይደለም። ሻጩ ዕቃውን ሲያመሰግን የሚያስቀድመው ቃል «ቤዝ አለው» የሚለው ነው።

የእኔ መከራከሪያ ከዚህ ቃል ጋር የሚጋጭ ነው። በአገራችን በመሣሪያ ማዳመጥ ከተጀመረ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ዘመን ሁሉ አድማጩ አጥብቆ የፈለገው ቃሉን መስማት ነው፤ የደብዳቤውን ቃል፣ የዜናውን ቃል፣ የግጥሙን ቃል። ስለዚህ ማዳመጫ ስንመርጥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን ድምፁን ዝቅ አድርገን ስንሰማው ቃሉ ጥርት ብሎ ይደርሰናል ወይ የሚለውን ይመስለኛል። ይህን ለማሳየት ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

በነሐሴ 1890 ዓ.ም. የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የወዳጅነት ቃል በፎኖግራፍ ሲሊንደር ላይ ቀረጹ። ሲሊንደሩን ወደ አዲስ አበባ ይዞ የመጣው ጆን ሃሪንግተን የተባለው የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል ነበር። ምኒልክ መልእክቱን በአክብሮት ቆመው እንደሰሙና መድፍ እንዳስተኮሱ ተጽፏል። ከተሰማ በኋላ ሲሊንደሩ እንዲጠፋ አስቀድሞ ስምምነት ስለነበረ ጠፋ። የንግሥቲቱ ድምፅ በሌላ እጅ እንዲገባ አልተፈለገም። ምኒልክና ጣይቱም በአጸፋው ድምፃቸውን ቀርጸው ላኩ፤ የእነርሱ ግን ተርፎ ዛሬም ይደመጣል።

የዚያ ዘመን ፎኖግራፍ በሁለት መንገድ ይደመጥ ነበር። አንደኛው ድምፁን ለተሰበሰበው ሰው የሚረጨው ቀንድ መሰል መለከት ነው። ሁለተኛው የሐኪም ማዳመጫን የሚመስል፣ ሁለት ጆሮ ላይ የሚሰካ የጎማ ቱቦ ነው። ቱቦው ኤሌክትሪክ አያውቅም። ሆኖም ደካማውን ድምፅ ሳይበተን ወደ ጆሮ ስለሚያደርስ፣ ቃሉን ለመለየት ለሚፈልግ ሰው ከመለከቱ ይሻል ነበር። የምኒልክንና የጣይቱን ቅጂ በስልክ ድምፅ ማጉያ ሞክራችሁ ከሆነ፣ መርፌው ሰሙን ሲፍቅ የሚያወጣው ድምፅ ቃሉን ሲውጠው ሰምታችኋል። ያንኑ ቅጂ ጆሮን ደህና አድርጎ በሚገጥም ማዳመጫ ስትሰሙት፣ ፍቀቱ ባይጠፋም ንግግሩ ከፍቀቱ ተለይቶ ይወጣል። የጆሮ ቱቦው ጥቅም ዛሬም አልተለወጠም።

በራስ ላይ የሚደፋው ኤሌክትሪካዊ ሄድፎን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ናትናኤል ባልድዊን የተባለ የዩታ ሰው በቤቱ ማድ ቤት ውስጥ የሠራውን ለአሜሪካ ባሕር ኃይል አቀረበ። ባልድዊንን ለዚህ ሥራ ያነሣሣው ነገር ያስደስተኛል፤ በትልቅ የጸሎት አዳራሽ ውስጥ የሚሰበከው ቃል አልሰማ ብሎት ነው። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ ሄድፎን የሬዲዮ ቴሌግራፍ ሠራተኛ ዕቃ ሆኖ ቆየ። ለሙዚቃ ተብሎ የተዘጋጀው ስቴሪዮ ሄድፎን የተሸጠው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ የሠራውም የሚልዋኪው ጆን ኮስ ነበር።

በአገራችን የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ በጥር 1927 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ በየቤቱ መቀበያ የነበረው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ ሬዲዮ ለብዙው ሰው የአደባባይ ነገር ሆነ። ሰው ድምፅ ማጉያ ከተሰቀለበት ሥር ቆሞ ይሰማ ነበር፤ የሰማውንም ለቀረው ሰው ያወራ ነበር። ወደ ኋላ ላይም የቡና ቤቱ ቴፕ፣ የአውቶቡሱ ካሴት፣ የሙዚቃ ቤቱ በር ላይ የተደቀነው ድምፅ ማጉያ ሁሉም የጋራ ጆሮ ነበሩ።

ሐዋሳ ከተማ ከትራንዚስተር ሬዲዮ ጋር እኩያ መሆኗን ብዙዎች ልብ አይሉም። በኪስ የሚያዘው የመጀመሪያው ትራንዚስተር ሬዲዮ ለገበያ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1954 ሲሆን፣ ከተማችን የተቆረቆረችው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1950ዎቹ መባቻ በራስ መንገሻ ሥዩም የአስተዳደር ዘመን ነው። ብዙዎቹ ትራንዚስተሮች በቆዳ ማህደር ገብተው፣ ለአንድ ጆሮ ብቻ የምትሆን ማዳመጫ ተጨምራባቸው ይሸጡ ነበር። ይህች አንድ ዓይና ዕቃ በታሪካችን ውስጥ የሚገባትን ቦታ አላገኘችም ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። በ1955 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ከአዲስ አበባ ማሰራጨት ጀመረ። በ1957 የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል ተከፈተ። ደርግ ብሥራተ ወንጌልን በመጋቢት 1969 ወረሰው። በ1975 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ድምፅ በአማርኛ ተጀመረ። በዚያ ዘመን የውጭ ሬዲዮ ማዳመጥ በጎረቤት ጆሮ የሚፈራ ነገር መሆኑን የእኔ እኩዮች አይረሱትም። መስኮት ይዘጋል፣ ድምፁ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጆሮ ከሬዲዮኑ ላይ ይለጠፋል፤ ማዳመጫ ያለው ሰው ደግሞ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይሰማል። የአጭር ሞገድ ድምፅ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ በፉጨት ይሸፈናል። ከዚያ ውስጥ አንድ ስም፣ አንድ የከተማ መጠሪያ መለየት ትልቅ ትርጉም ነበረው። ያች ርካሽ ማዳመጫ ቤዝ የሚባል ነገር አልነበራትም። የሰው ንግግር የሚኖርበትን መካከለኛውን የድምፅ ክልል ግን ታደርስ ነበር፤ የሚፈለገውም እሱ ነበር።

የግል ማዳመጥ ከውጭ የመጣ ብቸኝነት ነው ለሚሉ ወዳጆቼ በገናን አስታውሳቸዋለሁ። በገና በዐሥር አውታሩና በእንዚራው የሚያመጣው ዝቅ ያለ፣ የሚነዝር ድምፅ ለጭፈራ አልተሠራም። ደርዳሪው ለራሱና ለአምላኩ የሚያሰማው ነው፤ ሌላው ሰው ቢሰማም ጠጋ ብሎ ነው። የዓለሙ አጋን በገና በመኪና ድምፅ ማጉያና በደህና ሄድፎን አነጻጽራችሁ ስሙት። በሁለተኛው የእንዚራው ንዝረት ከጣት ምቱ ይለያል፣ የቃሉም ፍጻሜ አይበላም።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1979 ሶኒ ዎክማንን ለገበያ አወጣ። አብሮት የመጣው ሄድፎን ክብደቱ 50 ግራም ያህል ብቻ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከነበሩት ከባድ ሄድፎኖች ጋር ሲነጻጸር የላባ ያህል ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚስበኝ መሣሪያው ሁለት የማዳመጫ መሰኪያ የነበረው መሆኑ ነው። የኩባንያው መሪ አኪዮ ሞሪታ ብቻን ማዳመጥ ነውር መስሎ ስለታያቸው ለሁለት ሰው እንዲሆን አደረጉት። ሲጫኑት ሙዚቃውን ዝቅ አድርጎ የጎን ሰው ንግግር የሚያሰማ ቁልፍም ነበረው። በፍቅር ሐይቅ ዳር አንድ ኤርፎን ለሁለት ተካፍለው፣ አንዱ የግራውን ሌላው የቀኙን ይዘው የተቀመጡ ወጣቶች ሳይ ሞሪታ ትዝ ይሉኛል። በነገራችን ላይ እነዚያ ወጣቶች የሚሰሙት በ1960ዎቹ የታተመ ሸክላ ከሆነ ብዙም አይጎዱም፤ የዚያ ዘመን ብዙ ሸክላዎች በአንድ መስመር የተቀረጹ ስለሆኑ በግራም በቀኝም ያው ናቸው። አዲስ ዘፈን ከሆነ ግን እያንዳንዳቸው የሚሰሙት ግማሹን ነው።

ቀጥሎ ሞባይል መጣ። በ1992 ዓ.ም. ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ሸገር 102.1 ሲከፈቱ፣ ባለ ሬዲዮ ስልኮች እየተስፋፉ ሄዱ። በእነዚህ ስልኮች ላይ የኤርፎኑ ሽቦ የሬዲዮኑ አንቴና ነበር፤ ካልተሰካ ጣቢያው አይያዝም። የብሉቱዝ ማዳመጫ ሽቦውን ሲያስቀር አንቴናውንም አስቀረ፣ ከብዙ አዳዲስ ስልኮችም ሬዲዮኑ ራሱ ጠፋ። ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ባለ ሽቦውን ንቆ እንዳይጥል የምመክረው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ሱቁ መስታወት እንመለስ። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ኤርፎን ስትገዙ የመጀመሪያው ጉዳይ የጎማዋ ልክ ነው። ጎማዋ የጆሮውን ቀዳዳ ካልዘጋች ዝቅተኛው ድምፅ ያመልጣል፤ ሰው ዕቃውን መጥፎ ነው ይለዋል። በሳጥኑ ውስጥ ሦስት ልክ ጎማ ከተገኘ ሦስቱንም ሞክሩ፤ የግራና የቀኝ ጆሮ ልክ ሊለያይም ይችላል። ሄድፎን ለሚመርጥ ሰው ደግሞ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚከብበው ጆሮ ላይ ከሚጫነው ይልቅ ለረጅም ሰዓት ይመቻል። መነጽር፣ ሻሽ፣ ሒጃብ ወይም ሹሩባ ያለው ሰው በሱቅ ውስጥ ቆሞ ለአፍታ በመሞከር አይወስን፤ የሚያማውን ቦታ የሚያሳየው ቆይታ ነው። በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ውስጥ ላስቲክ መሰሉ ትራስ ያልባል፤ ጨርቅ የለበሰው ይሻላል። ጀርባው ክፍት የሆነው ሄድፎን ድምፁ ነፃና አየር ያለው ነው፤ ሆኖም የሰማችሁትን ቤተ መጻሕፍቱ ሁሉ ይሰማል።

ለድምፁ ፈተና የራሳችን ቋንቋ ይበቃናል። ቀ እና ከ፣ ጠ እና ተ፣ ጨ እና ቸ የሚለያዩበት ቅጽበታዊ ፍንዳታ በአብዛኛው በላይኛው የድምፅ ክልል ውስጥ ይገኛል። ቤዙ ከልክ ያለፈ ማዳመጫ ይህን ይሸፍነዋል። መደበኛ ስልክ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ብቻ ስለሚያሳልፍ ሰ እና ፈ የሚምታቱብን ለዚሁ ነው። የምታውቁትን ሳይሆን የማታውቁትን ዘፈን ወይም ትረካ ይዛችሁ ሂዱ፤ የምታውቁትን ግጥም አእምሯችሁ ራሱ ይሞላዋል። ድምፁን ከግማሽ በታች አድርጋችሁ ስሙት። ቃሉ ሁሉ ከተለየ፣ ማሲንቆው ጆሮ ካልወጋ፣ ከበሮው ዘፋኙን ካልረገጠ፣ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ግዙት።

ዝቅ አድርጋችሁ ስሙ የምለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ገደብ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ በ90 ዴሲቤል ግን ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በባጃጅ ውስጥ የሞተሩን ጩኸት ለማሸነፍ ድምፁን ወደ ላይ የሚገፋ ተማሪ የሳምንቱን ድርሻ በጥቂት ቀን ይጨርሳል። የሞተሩን ጩኸት በሚገባ የሚዘጋ ጎማ ያለው ኤርፎን ይህን ድርሻ ያተርፍለታል፤ መንገድ ስትሻገሩ ግን አውልቁት።

በመጨረሻ ወደ እኛ ሙያ። የጥናት ቃለ መጠይቅን በብሉቱዝ ኤርፎን ማይክሮፎን አትቅረጹ። ማይክሮፎኑ ሲከፈት በብዙዎቹ ላይ የድምፁ ክልል ወደ ስልክ ጥሪ ደረጃ ይጠባል፤ የጠፋውን ድምፅ ደግሞ ኋላ በምንም ውድ ሄድፎን መመለስ አይቻልም። በስልኩ ወይም በመቅረጫው በራሱ ማይክሮፎን ቅረጹ፣ ስትገለብጡ በባለ ሽቦ አዳምጡ።

በአማርኛ ጽሑፍ የቃል መጥበቅና መላላት አይታይም። በሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል ሲጻፍ መጥበቁ በድርብ ፊደል ይመለከታል፤ ስለዚህ ጸሐፊው በጆሮው መወሰን ግዴታው ነው። በአማርኛ ግን ፊደሉ ዝም ስለሚል ገልባጩ ሳይወስን ሊያልፍ ይችላል። አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች መካከል የተቀረጸ ንግግር ውስጥ አንድ አረጋዊ ስለ አንድ የአካባቢ ሽማግሌ ሲናገሩ «ይሰማል» አሉ እንበል። ሰ እና መ ላልተው ከሆነ ሽማግሌው የሰው ነገር የሚያዳምጥ ነው። ሁለቱም ጠብቀው ከሆነ ቃሉ የሚደመጥ፣ የሚከበር ሰው ነው። ሥልጣን በማን እጅ እንደነበረ የሚነግረን ይህ ልዩነት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። እንዲህ ያለ ቦታ ሲያጋጥማችሁ ዐሥር ሰከንድ ወደ ኋላ መልሳችሁ ስሙ፤ በኅዳጉ ላይ ይጠብቃል ወይም ይላላል ብላችሁ ጻፉ፤ የቅጂውንም ደቂቃና ሰከንድ አብራችሁ መዝግቡ።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።