ቆጮው ሳይጎድል

ስለ ሀዲያና ከምባታ ሲነሳ እንሰት ባለበት አገር ረሃብ አይገባም ይባላል። ብዙውን ጊዜ ሐሰት አይደለም። የአንድ ዓመት ዝናብ ቢቀር እንሰት ጓሮ ቆሞ ይጠብቃል፤ ተፍቆ ጉድጓድ የገባው ቆጮም ለወራት ይቆያል። ጠግቦ ማደርና ጽንስ ማሳደግ ግን ለየቅል ናቸው። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ በጣም ጥቂት ነው፤ ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል። የነፍሰ ጡሯን ጉድለት ሲሸፍኑ የኖሩት ከእንሰቱ ሥር የበቀለው ጎመንና ከቤቱ የታሰረችው ጥገት ናቸው።

ሀዲያ ቀድሞ በከብቱ የሚታወቅ ሕዝብ ነበር። እንሰትን ከጎረቤቶቹ ዘግይቶ እንደተቀበለ የታሪኩ አጥኚ ጀርመናዊው ኡልሪሽ ብራውኬምፐር ጽፏል። ሲቀበል ግን ከብቱን አልተወም፤ እበቱ ጓሮውን ያዳብራል፣ የእንሰቱ ቅጠል በበጋ መኖ ይሆናል። የዚህ መደጋገፍ ፍሬ የሚታየው አራስ ቤት ነው። እንሰቱ ተፍቆ ሲጨመቅ የወረደው ውኃ ይዘቅጥና ነጩ ቡላ ከሥር ይቀራል። ቡላው ተገንፍቶ መሐሉ ይጎደጎዳል፣ የቀለጠ ቅቤ ይፈስበታል። ያለ ቅቤውና ያለ ወተቱ ያ ገንፎ ሆድ መሙያ ነው።

ታዲያ የጠፋው ይኸው ቅቤና ወተት ነው። ሕዝቡ ሲበዛ ግጦሹ ታረሰ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ ገባሩን ከባላባት ነጻ አወጣው፤ እንደ ከምባታው ዱራሜ ዙሪያ ሰው በተጨናነቀበት አገር ግን አዲስ መሬት መፍጠር አልቻለም። ማሳው ለልጆች ሲከፋፈል የከብቱ ድርሻ ጠበበ፤ ከተገኘችው አንዲት ላም የሚናጠው ቅቤም ገበያ ወጣ። እንሰት መፋቁ ግን እርጉዝ ናት ተብሎ ከሴቷ ትከሻ አልወረደም።

ይህ ሁሉ በእንሰት ላይ ማመካኘት ነው የሚል ይኖራል። እኔ እንሰትን አልከስም፤ የምከሰው የጓሮውን መጥበብ ነው። እርግጥ እንሰት እያለም በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የከምባታና ሀዲያ አውራጃም ተመትቶ ብዙ ሰው ወደ ጋምቤላ ለሠፈራ ተወስዷል፤ ጓሮው ሲያንስ ለጋ እንሰት መቆረጡም አይቀርም። በጎረቤት ሲዳማ ቆጮና በቆሎ በሚመገቡ ነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ያገኙት የዚንክ እጥረትም የሚናገረው ከቆጮው ጋር ስለማይቀርበው ነገር ነው።

የሚከብደው ሌላኛው ተቃውሞ ነው፦ እናትና ጨቅላን የሚያድነው አዋላጅና ጤና ጣቢያ ነው ይላል። ደም ሲፈስ፣ ምጥ ሲጠና ልክ ነው። ሲወለድ የጎደለ የሕፃን ክብደት ግን መወሰን የሚጀምረው ከምጡ ወራት ቀድሞ ነው። በሀዲያው ሻሾጎ ረግረጋማ ሜዳ በምታርሰው ነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ወባ ይጨመርባታል፤ ደሟን ይቀንሳል፣ የጽንሱንም ክብደት ይቀንሳል። እሱም ቢሆን የእርሻው አካባቢ ሥራ ነው።

በንጉሡ ዘመን ከስዊድን ጋር የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ክፍል ፋፋ የተባለውን የሕፃናት ምግብ ሲያዘጋጅ ስንዴ፣ ጥራጥሬና የወተት ዱቄት ደባለቀ፤ ከጓሮው የጠፋውን መልሶ በከረጢት ማምጣቱ ነበር። ያመጣው ግን ጡት ብቻ ለማይበቃው ሕፃን ነው። እርጉዟ ያን ጊዜ የምትበላው ያው ቆጮዋን ነበር።