ያጠሩ ማስፈንጠሪያዎችን ከመክፈት በፊት መድረሻቸውን ስለማጣራት

ያጠረ ማስፈንጠሪያ ወይም ሊንክ ረጅም የድረ ገጽ አድራሻን በጥቂት ፊደላትና ቁጥሮች የሚተካ አድራሻ ነው። አገልግሎቱን ከሚሰጡት መካከል እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ታይኒ ዩአርኤል እና በ2008 የተጀመረው ቢትሊ በስፋት ይታወቃሉ። ተጠቃሚው አጭሩን አድራሻ ሲጫን ጥያቄው በቅድሚያ አድራሻውን ወዳሳጠረው ድርጅት ሰርቨር ይደርሳል፤ ሰርቨሩም ብሮውዘሩን ወደ ዋናው ገጽ ይመራዋል።

አሠራሩ በራሱ ጉዳት የለውም። በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት 70 ፊደላትን ብቻ ስለሚይዝ፣ ሕጋዊ ተቋማትም አድራሻቸውን አሳጥረው ይልካሉ።

የሚያስከትለው ስጋት

አጭሩ አድራሻ መድረሻውን ስለሚሸፍን ለማስገር ጥቃት ምቹ ነው። «ሽልማት ደርሶዎታል» ወይም «ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው» ከሚል መልእክት ጋር የሚላክ ማስፈንጠሪያ የባንክን ወይም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎትን ገጽ ወደሚያስመስል ገጽ ሊያደርስ ይችላል። በዚያ ገጽ ላይ የሚስጥር ቁጥር ወይም በስልክ የተላከ የማረጋገጫ ኮድ ያስገባ ሰው ገንዘቡን ወይም የቴሌግራም አካውንቱን ሊያጣ ይችላል።

የማጣሪያ መንገዶች

1. ማስፈንጠሪያውን ሳይከፍቱ ኮፒ ማድረግ። በኮምፒውተር ላይ ማውስን በማስፈንጠሪያው ላይ ማሳረፍ የሚያሳየው አጭሩን አድራሻ ብቻ በመሆኑ በቂ አይደለም።

2. የአገልግሎቱን ቅድመ እይታ መጠቀም። በቢትሊ አድራሻ መጨረሻ ላይ የመደመር ምልክት (+) ሲጨመር፣ ወደ መድረሻው ከመሄድ ይልቅ ስለ ማስፈንጠሪያው መረጃ የሚሰጥ ገጽ ይከፈታል። ታይኒ ዩአርኤልም ተመሳሳይ የቅድመ እይታ አገልግሎት አለው።

3. በመመርመሪያ ድረ ገጽ ማጣራት። ቫይረስ ቶታልን የመሰሉ አገልግሎቶች አድራሻውን በበርካታ የደኅንነት ድርጅቶች መረጃ ይመረምራሉ። ሆኖም ወደ እነዚህ አገልግሎቶች የሚላክ አድራሻ ለሌሎች ሊታይ ስለሚችል፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያና የግል ሰነድ ማስፈንጠሪያዎችን ማስገባት አይገባም።

4. የተገኘውን ሙሉ አድራሻ በጥንቃቄ ማንበብ። የገጹን ባለቤት የሚያመለክተው ከሁለቱ ተከታታይ ሕዝባሮች ቀጥሎ ከሚመጣው ነጠላ ሕዝባር በፊት ያለው የመጨረሻ ክፍል ነው። በመሆኑም የባንክ ስም በአድራሻው መጀመሪያ ላይ መገኘቱ ማረጋገጫ አይሆንም። የኢትዮጵያ መንግሥት ተቋማት የሚጠቀሙበት ስም በዚህ ስፍራ «ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ» በሚል ያበቃል።

ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ነጥቦች

በአድራሻው አጠገብ የሚታየው የቁልፍ ምልክት ግንኙነቱ የተመሰጠረ መሆኑን እንጂ የገጹን ባለቤት ታማኝነት አያረጋግጥም። በመልእክት መላኪያ መተግበሪያዎች ውስጥ ከማስፈንጠሪያው ጋር የሚታየው ሥዕልና ርዕስም በላኪው ሊዘጋጅ ይችላል። አንዳንድ አገልግሎቶች የአጭሩ አድራሻ መድረሻ በኋላ እንዲቀየር ስለሚፈቅዱ፣ ትናንት የተጣራ ማስፈንጠሪያ ዛሬም ያው ላይሆን ይችላል። ከሚታወቅ ሰው የመጣ መልእክትም ቢሆን የላኪው አካውንት ተጠልፎ ሊሆን ስለሚችል ማጣራት ይገባል። ገንዘብን በሚመለከት ጉዳይ የተሻለው መንገድ ማስፈንጠሪያውን ትቶ የተቋሙን መተግበሪያ በቀጥታ መክፈት ነው።

ማስፈንጠሪያው ከተከፈተ በኋላ

ምንም መረጃ ካልገባ ገጹን ወዲያውኑ መዝጋት፣ ከገጹ የወረደ ፋይል ካለም ሳይከፍቱ ማጥፋት ያስፈልጋል። የሚስጥር ቁጥር ወይም የይለፍ ቃል ከገባ ግን ሳይዘገዩ መቀየርና ለባንኩ ወይም ለአገልግሎት ሰጪው ማሳወቅ ይገባል። የቴሌግራም ተጠቃሚ በቅንብሮች ውስጥ የማያውቃቸውን መሣሪያዎች ማስወጣትና ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ማብራት ይኖርበታል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር አማካኝነት የሚፈጸም ማጭበርበርን በወንጀል የሚያስቀጣ በመሆኑ፣ ጉዳት የደረሰበት ሰው መልእክቱን ሳያጠፋ በማስረጃነት ይዞ ለፖሊስ ማመልከት ይችላል።